ወደ ጨንቻ ለምትወጡ እህቶቻችን
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከመጀመሪያው ተጓዥ ቡድን የቀረበ ንግግር)



በመጀመሪያው ዙር ወደ ጋሞ ደጋ የወጣነው ሃያ ሁለት ሴቶች ነን። ሰብሳቢያችን «ሁለተኛው ዙር ከመሄዱ በፊት ያያችሁትን ንገሯቸው» ስላሉን ነው የቆምነው። የምታነበው አንዳችን ብትሆንም የጻፍነው ግን ሁላችንም ቡና አፍልተን ተቀምጠን ነው። ሦስት ቅዳሜ ፈጀብን። ያልተስማማንበትን በድምፅ ብልጫ ወስነናል፤ ስለዚህ አንዳንዱ ነገር ላይ አኩርፋችሁ የምታዩአቸው ካሉ ከተሸነፉት ወገን ናቸው።

አስቀድመን አንድ ነገር እንናገር። የዓመቱ ሪፖርት ሲዘጋጅ ጉዞአችን «የልምድ ልውውጥ ጉብኝት» ተብሎ እንዲመዘገብ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። በክፋት አይደለም። ደጋፊዎቻችን «ባል የሞተባቸውና ጉልት ላይ የሚውሉ ሴቶች ለሽርሽር ሄዱ» የሚል ወረቀት ሲያነቡ ቅር እንዳይላቸው ታስቦ ነው። እኛ ግን እምቢ አልን። የሄድነው ለመዝናናት ነው። ከደጋፊ የተሰጠ አንድ ብር አልነካንም፤ ከብድር ሣጥኑም አላወጣንም። ከመደበኛው ቁጠባችን ውጪ በየሳምንቱ ሃምሳ ሃምሳ ብር እየጣልን አንድ ዓመት ጠበቅን። ያለንን ነው ያወጣነው።

ገንዘቡ ለብድር ቢውል ይሻላል ያሉ እህቶች ነበሩ፤ ዛሬም እዚህ አሉ። አሳባቸውን አንንቅም። ነገር ግን ቁጭ ብለን ስንቆጥር ከሃያ ሁለታችን አሥራ አራታችን ከሐዋሳ ወጥተን የምናውቀው ለለቅሶ፣ ለሠርግ ወይም ሕመምተኛ ለማስታመም ብቻ ነበር። ከእኛ ጋር የነበሩ አንዲት እናታችን ሻሸመኔ እስክንደርስ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ነበር። አንዷ «እማማ፣ ማን ሞተ?» ብትላቸው ራሳቸውን አዩና ደነገጡ። ሩቅ መንገድ ሲወጡ እጃቸው የለመደው እንደዚያ መልበስ ነው። መኪናው ውስጥ ተሳቀ፤ እሳቸውም ስቀው ነጠላቸውን አዙረው ለበሱ። እኛ ጉዞው እዚያ ላይ የተጀመረ ይመስለናል።

ሐሳቡ የመጣው ከሕንድ ነው ብንላችሁ ትስቁ ይሆናል። የአንዷ አባላችን ልጅ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ትሠራለች። ሕንዳዊት አለቃዋ በአገሯ ሙቀት ሲበረታ ሰው ወደ ተራራ ከተሞች እንደሚወጣ እየነገረች በስልኳ ፎቶ ታሳያት ነበር። ሲምላ የሚባለውን ከተማ እንግሊዞች ሕንድን ሲገዙ ከ1864 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የበጋ መቀመጫ አድርገውት ነበር አሉ። ልጅቷ ይህን ለእናቷ፣ እናትየው ደግሞ ለእኛ ብታወራ፣ ዶርዜ የተወለደችው እህታችን «ታዲያ የእኛ ጨንቻስ?» አለች።

እውነቷን ነው። ጨንቻ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ከሐዋሳ በአንድ ሺህ ሜትር ያህል ትበልጣለች። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማም ነበረች። ሹማምንቱ የቆላውን ሙቀትና ወባ ሸሽተው ብርድ ላይ ተቀምጠው ያስተዳድሩ ነበር፤ በ1950ዎቹ ግን መቀመጫው አርባ ምንጭ ወረደ። ሐዋሳም የተቆረቆረችው በዚያው ሰሞን ስለሆነ አርባ ምንጭና እኛ እኩያሞች ነን።

ስለ መንገዱ። ከሻሸመኔ ወደ ሀላባ፣ ከሀላባ ወደ ሶዶ፣ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ነው። ሀላባ ላይ በርበሬ ለመግዛት አትውረዱ፤ እኛ ወርደን አንድ ሰዓት አቃጥለናል። ስትመለሱ ግዙ። የተከራየነው ቅጥቅጥ ሶዶ ሳይደርስ ተበላሸብን። ሾፌሩ «አምስት ደቂቃ» ብሎ ሦስት ሰዓት አቆመን። ከዳሞታ ተራራ ፊት ለፊት ሣር ላይ ተቀምጠን ቆሎ በላን፤ እሱን ቁጭታችን ውስጥ አንጨምረውም። የሚቆጨን ሌላ ነው፤ በዚህ ምክንያት የሐሙሱ የዶርዜ ገበያ አመለጠን። ገበያው ሰኞና ሐሙስ ነው፤ እናንተ ከዋዜማው ድረሱ። ደግሞ በግልጽ እንናገረው፦ መንገድ ላይ ሽንት ቤት ማግኘት ለወንድ ቀላል ነው፣ ለእኛ አይደለም። ከእኛ መካከል ውኃ ሳትጠጣ ውላ ራሷን ያመማት አለች። ከሾፌሩ ጋር ስትዋዋሉ የት የት እንደሚቆም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አርባ ምንጭ ስትደርሱ ሙቀቱ ይቀበላችኋል። ከላይኛው ከተማ ጫፍ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ ሁለት ሐይቆች ጎን ለጎን ተኝተዋል። ከጣና ቀጥሎ በአገራችን ትልቁ አባያ ውኃው ቀላ ብሎ የደፈረሰ ነው፤ ጫሞ ግን ጠራ ይላል። በመካከላቸው ያለውን ቀጭን መሬት «የእግዜር ድልድይ» ይሉታል። ብዙዎቻችን በየቀኑ ሐይቅ የምናይ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገዝተን የምንቸረችር ሰዎች ነን፤ «ሐይቅ ለማየት ይህን ሁሉ መንገድ?» ብለን አጉረምርመን ነበር። ካየነው በኋላ ዝም አልን። ከተማዋ ስሟን ያገኘችባቸው ምንጮች ከገደሉ ሥር ጫካው ውስጥ ናቸው፤ ከተማውም የሚጠጣው ከእነሱ ነው። ወደ ምንጮቹ ስትወርዱ ደኅና ጫማ አድርጉ፣ ያዳልጣል። ጫሞ ላይ በጀልባ አዞና ጉማሬ ለማየት የሄዱት ስምንት ብቻ ናቸው። የቀረነው ዳር ቆመን ማንጎ በላን። ያዩት «ሳታዩ አትመለሱ» ይላሉ፤ እኛ የቀረነው ደግሞ አልቆጨንም። በድምፅ ብልጫ የወሰንነው አንዱ ይህ ነው፦ እንደ ድፍረታችሁ አድርጉ።

አሁን ወደ ደጋው እንውጣ። ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣል። መኪና የሚያዞራት ከፊት ትቀመጥ። መጀመሪያ ሙዙ ይቀራል፣ ቀጥሎ ላባችሁ ይደርቃል፣ ከዚያ እንሰትና ቀርከሃ ይጀምራል። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ሰው መስኮቱን ይዘጋል፣ ሁሉም ይከተላል። እኛ ነጠላ ብቻ ይዘን የወጣን ስንት ነበርን! ሌሊቱን ሁለት ሁለት ሆነን በአንድ ብርድ ልብስ አደርን። ጋቢና ካልሲ ያዙ። ደም ግፊትና አስም ያለባችሁ መድኃኒታችሁን በእጅ ቦርሳችሁ አድርጉ እንጂ መኪና ጣሪያ ላይ አትጫኑት።

ዶርዜ ላይ ቤቶቹን ታያላችሁ። ከቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተጠልፈው የቆሙ፣ ረጃጅም፣ ፊታቸው የዝሆን ግንባር የሚመስል ናቸው። የአካባቢው ሰው ቅርጹ በዱሮ ዘመን እዚያ ከነበሩ ዝሆኖች የተወሰደ ነው ይላል። ቤቱ ከሥሩ በምስጥ ሲበላ የተበላው ይቆረጥና ቤቱ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ያረጀ ቤት አጭር ነው። ሲያስፈልግ ደግሞ ሰው ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። የቤት ኪራይ በየጊዜው የምታስለቅቀን ሁሉ ይህን ስንሰማ ምን እንዳልን እዚህ አንደግመውም።

የገባንበት ቤት እመቤት ቆጮ ጋገረችልን፤ ስስ አድርጋ፣ በእንሰት ቅጠል መካከል፣ ምጣድ ላይ። ከማርና ከዳጣ ጋር በላነው። የሲዳማ እህቶቻችን ዋሳቸውንና ቡርሳሜአቸውን እያነሡ ክርክር ገጠሙ፤ የወላይታዎቹም ገቡበት፤ ባለቤቲቱ ስቃ «ሁላችሁም ፍቃችሁ አሳዩኝ» ብላ መፋቂያውን ሰጠቻቸው። ሦስቱ ፋቁ። ያሸነፈችውን አንናገርም፤ ሌላ ስብሰባ ይፈልጋል።

ከዚያ ጥጥ አወጣች። እንደምታውቁት በዶርዜ ሴቲቱ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ያሉት ብዙዎቹ ሸማኔዎች መነሻቸው ይህ ደጋ ነው። ከመካከላችን ሐዋሳ ገበያ ጋቢና ነጠላ የምትሸጥ አለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ከሸማኔ ጋር ስትከራከር የኖረች ናት። «የአንድ ጋቢ ፈትል በስንት ቀን ያልቃል?» ብላ ጠየቀች። ሴትየዋ ልትመልስ ጀምራ ተወችው። ልጅ ካልታመመ፣ እንሰት ካልተፋቀ፣ ገበያ ካልወጣች፣ እንጨት ካለ፣ እንዲህ እያለች ቀጠለች። ባሏ ድሩን ዘርግቶ በስንት ቀን እንደሚጨርስ ግን ወዲያው ነገረችን። የራሷን ቀን ቆጥራው አታውቅም፤ ፈትሉን ብቻ ይዛ የተቀመጠችበት ቀን የለማ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሁላችንም በየራሳችን ጉልት፣ በየራሳችን እንጀራ ምጣድ ነበር የሄድነው። እኛስ የምንሸጠውን ስናሰላ የጤፉንና የእንጨቱን እንጂ የራሳችንን ቀን መቼ አስገብተን እናውቃለን?

ነጋዴዋ እህታችን ከሴትየዋ ሁለት ጋቢ ገዛች። ሳትከራከር ከፈለች ብለን ልባችን ተነክቶ ነበር፤ መኪና ውስጥ ብንጠይቃት «ተከራክሬያለሁ፤ እናንተ አልሰማችሁም እንጂ» አለች።

ጨንቻ ከተማ ራሷ ትንሽ ናት። ጭጋግ ይመጣል ይሄዳል፤ ልጆች በትልልቅ ሹራብ ይሮጣሉ። ስሟ የሚጠራው በአፕል ነው። ፍሬውን ወደዚያ ያስገቡት ሚሲዮናውያን እንደሆኑ ይነገራል፤ ዛሬ ችግኙም ፍሬውም ይሸጣል። አንዷ ለሐዋሳ ግቢዋ ችግኝ ልትገዛ ዋጋ ተነጋግራ ከጨረሰች በኋላ ሻጩ «የት ነው የምትተክዪው?» አላት። ብትነግረው ብሯን መለሰላትና «ብርድ ካላገኘ አያፈራም፤ ፍሬውን ግዢ» አላት። እንዲህ ያለ ነጋዴ ስለገጠመን እዚህ ላይ እንዲጻፍ ወስነናል።

ደግሞ አንድ ቦታ አለ፤ የሚከፈልበት አይደለም፣ ዛፍና ሣር ብቻ ነው፣ ካላወቃችሁት ታልፉታላችሁ። ዱቡሻ ይባላል። የጋሞ ሰው ተሰብስቦ የሚመክርበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ሜዳ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው የጋሞ ተወላጆች ሲገደሉ፣ አርባ ምንጭ ውስጥ ለበቀል የወጡትን ወጣቶች የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ፊታቸው ተንበርክከው መለሷቸው። ይህን በቴሌቪዥን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ዱቡሻው ዳር ቆመን ዶርዜ የተወለደችው እህታችን ሣሩ ምን ማለት እንደሆነ ነገረችን፤ ሣር የያዘ ሽማግሌ ታልፎ አይኬድም።

በሰኔ 2010 በከተማችን የሆነውን እዚህ ያለን ሁሉ እናውቃለን፤ ስለዚያ በማኅበራችን ስብሰባ ተነጋግረን አናውቅም። ከሃያ ሁለታችን መካከል ያን ሰሞን ጎረቤት ቤት ተደብቃ ያደረች አለች፤ የደበቀቻትም አብራን ነበረች። እዚያ ሜዳ ላይ ተያይዘው ራቅ ብለው ተቀመጡ፤ እኛም ጠበቅናቸው። ሾፌሩ ጥሩምባ ቢነፋ አንዳችን ሄዳ አስቆመችው። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅንም። «ስለ እኛ በዚህ ንግግር ይነገር?» ብለን ግን ጠየቅን፤ ሁለቱም ስም ሳይጠራ ይነገር አሉ።

እንግዲህ ለሁለተኛው ዙር። በመስቀል ሰሞን አትሂዱ፤ በጋሞ ዮ ማስቃላ ትልቅ በዓል ነው፣ በየአገሩ ያለው ሸማኔ ሁሉ ወደ ደጋው ይመለሳል፣ መኪናም ማደሪያም አይገኝም። ኅዳር ይሻላል። አራት ቀን ያዙ፤ ሦስቱ ለእኛ አልበቃንም። ማታ ገበያ የምትወጡ ልጅ የሚጠብቅላችሁን ከአሁኑ ተነጋገሩ፤ ከመጀመሪያው ዙር አምስታችን ልጆቻችሁን ለመጠበቅ ተመዝግበናል። ሩቅ መንገድ የማይሆንላችሁ እናቶች በአንድ ቀን ሐገረ ሰላም ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ፤ እሱም ደጋ ነው፣ ብርዱም አይተናነስም።

መዝገቡ ገንዘብ ያዣችን ዘንድ ነው። መኪናው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከማኅበሩ በር ይነሣል፤ የምታረፍድን አንጠብቅም ብለን ነበር፣ እማማን ግን ጠብቀናቸዋል። ዘንድሮም ልሄድ ነው ብለዋል።