ጭምብል ለባሹ ጀግናና እኛ ተመልካቾቹ
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ዛሬ ልንናገርበት የተነሣነው ጕዳይ ለአንዳንዶቻችሁ የልጆች ጨዋታ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ይኸውም ከአሜሪካ የኮሚክስ መጽሔቶች ተወስደው በቴሌቪዥን ስለሚታዩት፥ ጭምብል አጥልቀውና ካባ ደርበው ክፉውን ስለሚቀጡት ጀግኖች ነው። እኛ እነዚህን ተከታታይ ፊልሞች ከሚወዱት ወገን ነን። መውደዳችንን አንደብቅም፤ ነገር ግን የወደዱትን ሁሉ ሳይመረምሩ መዋጥ ለተማሪ አይገባውም ብለን ይህን ንግግር አዘጋጅተናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሁለት ክስ ይቀርብብናል። አንደኛው፥ ነገሩ ሁሉ ተረት ስለሆነ ለተማረ ሰው አይመጥንም የሚል ነው። ሁለተኛው ከበድ ይላል፤ እነዚህ ፊልሞች ሕዝብ ራሱ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ አንድ ኃያል ከሰማይ ወርዶ እንዲሠራለት እጁን አጣጥፎ መጠበቅን ያስተምሩታል የሚል ነው። ለመጀመሪያው ክስ መልሳችን አጭር ነው። አያቶቻችን ጦጣንና ጅብን ሲያነጋግሩ ዓላማቸው ስለ ጦጣና ስለ ጅብ ማውራት አልነበረም፤ ተረትም ቢሆን ቁም ነገር ይሸከማል። ሁለተኛው ክስ ግን ምርመራ ይፈልጋል።

ከመነሻው እንጀምር። ሱፐርማን በመጽሔት የወጣው በ1938 ነው። የፈጠሩት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር፥ ከአይሁድ ስደተኞች ቤተ ሰብ የተወለዱና በክሊቭላንድ ከተማ አብረው የተማሩ ወጣቶች ነበሩ። ዘመኑ አሜሪካ በሥራ ማጣት የተጨነቀችበት ነበር። በዚያ በመጀመሪያው ታሪክ ሱፐርማን የታገለው ከሌላ ዓለም ከመጣ ጭራቅ ጋር አልነበረም፤ ሚስቱን የሚደበድበውን ባል ያዘ፥ ያለ ጥፋቷ ሞት የተፈረደባትን ሴት አዳነ፥ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባልን ወደ ጥቅሙ የሚጐትተውን ደላላ አስጨነቀ። እንግዲህ ይህ ጀግና የተወለደው፥ ዳኛ ባልሰማበትና ፖሊስ ባልደረሰበት ቦታ ምነው አንድ ሰው በደረሰልን ከሚል የድኻ ምኞት ነው ማለት ይቻላል። ምኞቱን አንንቀው፤ ምኞት ብቻውን ግን መፍትሔ አይደለም።

ቴሌቪዥኑ ይህን ምኞት እንዴት አስተናገደው? ከ1952 እስከ 1958 ጆርጅ ሪቭስ ሱፐርማን ሆኖ ታየ። በ1966 ደግሞ ኤቢሲ የተባለው ጣቢያ «ባትማን»ን ጀመረ፤ እስከ 1968 ድረስም 120 ክፍል አሳየ። ባትማን አዳም ዌስት፥ ሮቢን በርት ዋርድ ነበሩ። በመጀመሪያ ጊዜ ረቡዕ ማታ ጀግኖቹ ወጥመድ ውስጥ ገብተው ይቀራሉ፤ ሐሙስ ማታ ይወጣሉ። ቡጢ ሲሰነዘር ድምፁ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ መስኮቱን ይሞላዋል። ከኮሚክሱ ወዳጆች ብዙዎቹ፥ ጀግናችንን መሳለቂያ አደረጉት ብለው ቅር ተሰኝተዋል። እኛ ግን አንቀየምም፤ ወንበዴ ለማሳደድ እየተጣደፈ ሮቢንን የመኪና ቀበቶህን እሰር ብሎ የሚመክር ጀግና እንዴት አያስቅም! ዳሩ ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ይህ ባትማን በሕግ የተሾመ የፖሊስ ረዳት ነው፤ ኮሚሽነሩ በቀዩ ስልክ ሲጠራው ይመጣል። ሕጉ ራሱ ቢበድልስ የሚለውን ጥያቄ ፊልሙ አያነሣውም።

ልባችንን ይበልጥ የነካው ሌላ ነው። ስታን ሊና ጃክ ከርቢ በ1962 የፈጠሩት ኸልክ በ1977 ወደ ቴሌቪዥን መጥቶ እስከ 1982 ቈየ። ዶክተር ባነርን ቢል ቢክስቢ፥ ሲቈጣ የሚለወጥበትን አረንጓዴ ግዙፍ ሉ ፌሪኞ ሠሩት። በኮሚክሱ የሚናገረው ፍጡር እዚህ አንድ ቃል አይወጣውም፤ ያገሣል እንጂ። ባነር በሐሰት ስም ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ የጕልበት ሥራ ይሠራል፤ አንድ የተጨነቀ ሰው ይረዳል፤ ከዚያም ሻንጣውን አንጠልጥሎ መንገድ ዳር ቆሞ መኪና ይለምናል። ሌላው ሰው የሚመኘውን ኃይል እሱ ከላዩ ላይ እንዲወርድለት ይለፋል። ኃይል ማግኘትና ሰላም ማግኘት አንድ አለመሆናቸውን ከዚህ ተምረናል።

ሦስተኛው «ዋችመን» ነው፤ በ2019 በኤችቢኦ በዘጠኝ ክፍል ታየ። የሚጀምረው በልብ ወለድ ሳይሆን በ1921 በኦክላሆማ፥ በተልሳ ከተማ፥ ነጮች ግሪንውድ የተባለውን የጥቁሮች ሰፈር ባቃጠሉበት እውነተኛ እልቂት ነው። ከዚያ እሳት የተረፈው ልጅ አድጎ ፖሊስ ይሆናል፤ የሥራ ጓደኞቹ ግን ሊሰቅሉት ይቃጣሉ፤ እሱም ፊቱን ሸፍኖ የመጀመሪያው ጭምብል ለባሽ ጀግና ይሆናል። በዚህ ፊልም ላይ እኛም ተከፋፍለናል። ግማሾቻችን፥ ሕግ ፊቱን ላዞረበት ሰው ጭምብል ብቸኛ መሣሪያው ነበረ እንላለን። ግማሾቻችን ደግሞ፥ በዚያው ፊልም ፖሊሶቹም ጭምብል አጥልቀው ሰው ይደበድባሉ፤ ፊቱን የሸፈነን ማን ይጠይቀዋል እንላለን። ክርክሩን ለእናንተ ትተነዋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክስ እንመለስ። ከፊልሞቹ ይልቅ መልሱን የሰጠን የፈጣሪዎቹ ታሪክ ነው። ሲግልና ሹስተር በ1938 የሱፐርማንን መብት በ130 ዶላር ሸጡ። ጀግናው ለባለቤቶቹ ኩባንያዎች ብዙ ሀብት ሲያስገባ እነሱ በችግር አረጁ። በ1975 ግን ሲግል በአደባባይ ጮኸ፥ ሌሎች ሠዓልያን አብረውት ቆሙ፥ ጋዜጦችም ጻፉ፤ ኩባንያውም ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላር ለመክፈልና ስማቸውን በሥራቸው ላይ ለመመለስ ተስማማ። ባትማንን ከቦብ ኬን ጋር የፈጠረው ቢል ፊንገር ይህን እንኳ አላየም፤ በ1974 ሞተ። ስሙ «ጎተም» በተባለው ተከታታይ ፊልም ላይ የተጻፈው በ2015 ነው፤ ይህም የሆነው የልጅ ልጁና ታሪኩን የመረመረ አንድ ደራሲ ባለመታከት ስለ ጠየቁ ነው።

ጓደኞቻችን፤ ፍትሕ የሚሰብኩትን ጀግኖች የፈጠሩት ሰዎች ፍትሕ ሲያጡ ካባ የለበሰ ማንም አልበረረላቸውም። የደረሱላቸው ወረቀትና ብዕር የያዙ፥ ስማቸውን ደብቀው ያልተናገሩ ተራ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ፊልሞቹን እንመልከት፥ እንሣቅ፥ እንከራከር፤ መጨረሻ ላይ ስሞቹ ሲያልፉ ግን ከመቀመጫችን ለመነሣት አንቸኵል፤ የሠራው ማን እንደ ሆነ እናንብብ፤ የጐደለ ስም ካለም እንጠይቅ። ኃያሉን ከመጠበቅ ይህ ይሻላል እንላለን።