የማይታየውን ጉዳት ማየት፦ የዳሌ ወለል ጡንቻዎችና የኤምአርአይ ምስል



እዚሁ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከካዛንቺስ ብዙም ሳይርቁ፣ የጋንዲና የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታሎች ይገኛሉ። ቀንና ሌሊት እናቶች ይወልዱባቸዋል። እናት በሰላም ስትገላገል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላለን። እኔ ዛሬ የምናገረው ከዚያ በኋላ ሳይታይ ስለሚቀረው ጉዳት ነው።

ሌቫተር አናይ የተባለው የጡንቻ ስብስብ ከዳሌ አጥንት የፊትና የጎን ግድግዳ ተነሥቶ የሽንት ፊኛን፣ ማህፀንንና የትልቁን አንጀት መጨረሻ ከሥር ይደግፋል። በምጥ ጊዜ የሕፃኑ ጭንቅላት የሚያልፈው በዚህ ጡንቻ መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የኮምፒውተር ስሌት የጡንቻው ውስጠኛ ክፍል ከተለመደው ርዝመቱ ከሦስት እጥፍ በላይ እንደሚለጠጥ አሳይቷል። ከዚያ በፊት፣ በ2003፣ ጆን ደላንሲና ባልደረቦቹ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ 80 ያልወለዱና 160 የመጀመሪያ ልጃቸውን በምጥ የወለዱ ሴቶችን በኤምአርአይ አነጻጽረው ነበር። ካልወለዱት በአንዷም ላይ ጉዳት አልታየም፤ ከወለዱት ግን በ32ቱ ላይ ታይቷል።

ኤምአርአይ ይህን የሚያሳየው ያለ ጨረር፣ በሰውነት ውሃና ስብ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን በማግኔት ኃይል በማነጋገር ነው። ፈጣኑ ዘዴ ሴትየዋ ስታምጥና ጡንቻዋን ስትሰበስብ የአካላቱን እንቅስቃሴ ይከታተላል። ሌላው ዘዴ የውሃ ሞለኪውሎች በጡንቻ ክር አቅጣጫ ይበልጥ ቀልጠፍ ብለው መንቀሳቀሳቸውን ለክቶ የክሮቹን አሰላለፍ ይስላል። ሆኖም የሚታዩት መስመሮች የስሌት ውጤት እንጂ ክሮቹ ራሳቸው አለመሆናቸውን ተማሪዎቼ እንዲያስተውሉ አሳስባለሁ።

ይህ ለአገራችን ምን ይፈይዳል? ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 የመሠረቱት የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ያስተማረን ትልቅ ቁም ነገር አለ። ካትሪን ሃምሊን ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በ1996 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የታጎለ ምጥ ጉዳት ቀዳዳ ብቻ ሳይሆን ነርቭን፣ ጡንቻንና ኑሮን ጭምር የሚነካ መሆኑን አስረድተዋል። ቀዳዳው ተደፍኖላቸው ሽንታቸውን መቆጣጠር የሚያቅታቸው እናቶች አሉ። ምክንያቱ የሽንት ቱቦ ማጠር፣ የፊኛ መጥበብ ወይም የጡንቻ መጎዳት ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናውም እንደ ምክንያቱ ይለያያል።

ለእያንዳንዷ ወላድ ኤምአርአይ እናንሣ አልልም፤ አቅማችንም አይፈቅድም። የምለው ይህ ነው፦ የራዲዮሎጂና የማህፀን ሕክምና ክፍሎች ጥቂቶችን በጥንቃቄ ያንሡ፤ ምስሉን ከአልትራሳውንድና ከጣት ምርመራ ጋር ያመሳክሩ፤ ያን ዕውቀት ለአዋላጅ ነርሶች ያድርሱ። ጡንቻዋ ተጎድቶም ሕመም የማይሰማት ሴት ስላለች፣ ምስሉ ያለ ሴትየዋ ቃል አይነበብም። የምትቸገር እናት ግን «የወሊድ ነገር ነው፣ ቻይው» ተብላ መመለስ የለባትም።