ምን ዓይነት ድርሰት?

«ስለ ገበያ ድርሰት ጻፉ» የተባለ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ብዙ ጊዜ «ገበያ ማለት ዕቃ የሚሸጥበትና የሚገዛበት ቦታ ነው» ብሎ ይጀምርና እዚያው ይቆማል። ሐሳብ አጥቶ አይደለም፤ ምን ዓይነት ድርሰት እንደሚጠበቅበት አልተነገረውም።

ርዕሱ አንድ፣ መንገዱ አራት ነው። ባለፈው ቅዳሜ የሆነውን በቅደም ተከተል ሲያወጋ ተራኪ ድርሰት ይጽፋል። የበርበሬውን ሽታና የሻጩን ጩኸት ሲያሳይ ስዕላዊ፣ ጤፍ ከማሳ ተነስቶ እንዴት ገበያ እንደሚደርስ ሲያብራራ ገላጭ ይሆናል። «ገበያው ከከተማ ይውጣ ወይስ ባለበት ይቆይ?» ሲባል ወገን ለይቶ ቢሞግት ደግሞ አከራካሪ ነው። እዚህ ላይ የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ ሳያዛባ አንስቶ መመለስ ይጠበቅበታል፤ ከሁሉም የሚከብደው ይኸው ነው።

ማታ ልጃችሁ ደብተሩን ሲያወጣ «ልትተርክ ነው፣ በቃላት ልትስል፣ ልታስረዳ ወይስ ልታሳምን?» ብላችሁ ጠይቁት።