ታንክ በቶኪዮ ጎዳና

የዛሬው ፊልማችን የጃፓኑ አኒሜ «ፓትሌበር 2» ነው፤ ዳይሬክተሩ ማሞሩ ኦሺ፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993።

ግዙፍ ሮቦት ሲባል ፎቅ እያፈረሰ የሚቧቀስ ብረት የሚጠብቅ ሰው ይናደዳል። ሮቦቶቹ ብዙም አይታዩም፤ ፊልሙን የሚነዳው ሴራው ነው። የዮኮሃማ ድልድይ በሚሳይል ይመታል፣ ጥርጣሬው አየር ኃይሉ ላይ ያርፋል። ቀጥሎ ራዳሩ የሌሉ ተዋጊ ጄቶችን ያሳያል። ፖሊስና ጦሩ ይካሰሳሉ፤ በመጨረሻ መንግሥት ራሱ ታንክ ቶኪዮ ውስጥ ያስገባል። ሕዝቡስ? ወታደሩን በጎን እያየ ሥራው ይሄዳል። ለእኔ የፊልሙ ጉልበት ይኸው ነው።

የሴራው ጠንሳሽ ቱጌ የተባለ መኮንን ነው። ሰላም ለማስከበር ዘምቶ፣ እንዳይተኩስ ታዝዞ፣ ጓዶቹ አልቀውበታል። ጃፓን ወታደሮቿን ለሰላም ማስከበር የምትልክበትን ሕግ ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1992 ስለነበር፣ ነገሩ ያኔ ትኩስ ነበር።

ካርቱም፣ ጀብራ ሰፈር የኖራችሁ ወገኖች ግን ፊልሙን በሌላ ዓይን ታዩታላችሁ። በአንድ ከተማ ጎን ለጎን የሰፈሩት የሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ተታኮሱ፤ ብዙ ኢትዮጵያውያንም በመተማ በኩል አገር ገቡ። የቱጌ ጦርነት ለማስመሰል የተቀናበረ ነው፤ የካርቱሙ ማስመሰያ አልነበረም።

ፊልሙ 113 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ሳታዩም ይገባችኋል፤ ብቻ ለሕፃናት ብላችሁ አትክፈቱት።