ቻጋስ፣ ልብ እና «በዘር ነው» የምንለው ነገር
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እዚህ አሜሪካ አብረውን ከሚሠሩት ሴቶች ብዙዎቹ ከኤልሳልቫዶርና ከቦሊቪያ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው በእነሱ አገር ስለሚገኘው የቻጋስ በሽታ ነው።

በሽታውን እ.ኤ.አ. በ1909 ያገኘው ብራዚላዊው ሐኪም ካርሎስ ቻጋስ ነው። የሚያስተላልፈው በጭቃ ግድግዳ ስንጥቅ የሚደበቅ፣ ሌሊት ደም የሚመጥ፣ ከትኋን ተለቅ ያለ ነፍሳት ነው። ነክሶ እዚያው ይጸዳዳል፤ ሰው ሲያክ ጥገኛ ተሕዋሱ በቁስሉ ይገባል። ከዚያ ለዓመታት ድምፁ አይሰማም። ከ10 እስከ 30 ዓመት ቆይቶ ከተያዙት ከመቶ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት ልባቸው ይጎዳል፤ ምቱ ይዛባል፣ ይሰፋል፣ ይደክማል።

በአንድ ቤት ካደጉ እህትማማቾች አንዷ ታማ ሌላዋ ደህና የምትሆነው ለምንድን ነው? የመልሱ ከፊል በዘረ መል ውስጥ አለ። ሰውነታችን ተሕዋሱን ሲዋጋ ቁጣው ከበዛ የልብን ጡንቻ ያቆስላል። የዚያን ቁጣ ልክ የሚወስኑት ዘረ መሎች ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያሉ። ብዙ የልብ ሕመምተኛ ባለባቸው የብራዚል ቤተሰቦች፣ ለልብ ኃይል የሚያመነጨውን የሴል ክፍል የሚነኩ ለውጦችም ተገኝተዋል።

ይህን ሰምተን «እንግዲህ በዘር ነው» ብለን አንዝጋው። አገራችን ውስጥ በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ የሚመጣው የእግር እብጠት «የዘር ነው» እየተባለ ስንት ልጃገረድ ከትዳር ቀርታለች! ተጋላጭነቱ በእርግጥ ይወረሳል፤ ከልጅነቱ ጫማ ያደረገ ሰው ግን ይጠበቃል። ቻጋስም እንዲሁ ነው። ዘረ መል በሽታውን ያከብደዋል እንጂ አያመጣውም።

እናት በእርግዝና ጊዜ ተሕዋሱን ለልጇ ልታስተላልፍ ትችላለች። ይህም መተላለፍ እንጂ የዘር ውርስ አይደለም፤ ከማርገዟ በፊት ብትታከም ልጇን ታድናለች። መድኃኒቱ ቤንዝኒዳዞል ይባላል፤ የሚጠቅመው ግን ቀድሞ ሲወሰድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው፣ ልብ ከተጎዳ በኋላ ሲሰጥ የልቡን ሕመም ከመባባስ አላቆመውም።

ስለዚህ «እህቴ ደህና ናት፣ እኔም ደህና ነኝ» ማለት አይበቃም። ከሥራ ባልደረቦቻችን መካከል በዚያ አገር ገጠር ያደገች ካለች፣ እሷም ልጆቿም እህት ወንድሞቿም የደም ምርመራ እንዲያደርጉ እንንገራት። ሐኪሙ ካልጠየቃት እሷ ትጠይቀው። ቡና ላይ ለማውራት አምስት ደቂቃ ይበቃናል።