መልፋትና ራስን መንከባከብ ለየቅል ናቸው

በወረታ ከተማ ለተሰበሰቡ የፎገራ ወረዳ ነዋሪዎች የቀረበ ዲስኩር



ስለ ድባቴ በተነገረ ቁጥር «ሰውነታችሁን አንቀሳቅሱ» የሚል ምክር አብሮ ይመጣል። ይህን ምክር ይዞ ፎገራ መምጣት ድፍረት ይጠይቃል። ነሐሴ ላይ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚያልፍ መንገደኛ በመስኮት የሚያየው ወንዱም ሴቱም፣ ልጁም አዋቂውም ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ወገቡን አጉብጦ ሩዝ ሲያርም ነው። አመሻሽ ላይ ወንዱ ከብት ለማስገባት ይሮጣል። ሴቷ ጭቃውን ከእግሯ ሳታጥብ ምድጃ ሥር ትቀመጣለች። ለእንዲህ ያለ ሰው «ተንቀሳቀስ» ማለት ስድብ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ራሳችሁ ልትጠይቁኝ ከምትችሉት ልጀምር፦ የጉልበት ሥራ ከድባቴ የሚያድን ቢሆን ኖሮ የፎገራ ሜዳ ሰው በድባቴ ለምን ይያዛል?

የእንቅስቃሴንና የአእምሮ ጤናን ግንኙነት ያጠኑ ተመራማሪዎች አንድ ልዩነት አስተውለዋል። ሰው በፈቃዱ፣ በትርፍ ጊዜው የሚያደርገው እንቅስቃሴ ከተሻለ የአእምሮ ጤና ጋር አብሮ ይገኛል። ለዕለት እንጀራ ሲባል የሚለፋው ልፋት ግን እንዲህ ያለ ጥቅም ሲያስገኝ አልታየም፤ እንዲያውም ከባሰ ጭንቀት ጋር ተያይዞ የተገኘበት ጊዜ አለ። ጡንቻው ያው ጡንቻ ነው፣ ላቡም ያው ላብ ነው። ልዩነቱ ያለው ሰውየው ሥራው ላይ ሳለ በሚያስበው፣ ሲደክመው ማረፍ በመቻሉና አብሮት በሚሠራው ሰው ላይ ይመስለኛል። እጁ ሲያርም ሐሳቡ የማዳበሪያ ዕዳ ያሰላል፤ ዘንድሮ ሽንኩርት በስንት ይሸጥ ይሆን ይላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰውን ጎርፍ ያየ ሰው ደግሞ ርብና ጉማራ በሞሉ ቁጥር ልቡ አያርፍም። በወንፈል፣ እየተጨዋወቱ የሚያርሙት ሩዝና ለብቻ የሚታረም ሩዝ በሰው ላይ እኩል ይከብዳሉ ብዬ አላምንም።

እንግዲህ ዛሬ የምናገረው ስለ ልፋት ሳይሆን ሰው ለገዛ አካሉ ስለሚያደርገው እንክብካቤ ነው። ብዙዎቻችን ሁለቱን አንድ አድርገን ስለምናይ፣ ቀኑን ሙሉ ስንለፋ ውለን ለራሳችን አንዳች ሳናደርግ እንተኛለን።

ድባቴ ስል የአንድ ሰሞን ኀዘን ማለቴ አይደለም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ልብ ሲከብድ፣ ቀድሞ ደስ ያሰኝ የነበረው ሁሉ ሲያስጠላ፣ እንቅልፍ ሲዛባ፣ እህል አልዋጥ ሲል፣ ሰው ራሱን እንደማይረባ ሲቆጥር ነው። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓለም ላይ ከ280 ሚሊዮን በላይ ሰው ከዚህ ሕመም ጋር ይኖራል፤ ሴቶች ደግሞ ከወንዶች ይበልጥ ይጠቃሉ። እኛ ዘንድ ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው በአካል ስሞታ ነው፦ «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ጨጓራዬ ነው»፣ «ልቤ ይመታል»፣ «ሰውነቴ ከዳኝ»። ይህን ብሎ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው የጨጓራ መድኃኒት ይዞ ሊመለስ ይችላል። የተገላቢጦሹም ያጋጥማል። ደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መድከም፣ የሚመላለስ ወባ ሰውን ልክ እንደ ድባቴ ያደክሙታል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ምርመራ ይደረግ፤ ደሙ ይታይ፤ አንገት ላይ እብጠት ካለ ይነገር።

ድባቴ የሚጀምረው በቀላሉ ነው። ሰውየው አንድ ቀን ማኅበር ይቀራል። በሳምንቱ ገበያ ይቀራል። ፊቱን ሳይታጠብ ይውላል፤ የዋለበትን ልብስ ለብሶ ያድራል። ሰው ሳያይ ስለሚውል የሚያጽናናው ቃል አይሰማም፤ የሚያጽናናው ባለመኖሩም ይበልጥ ይከብደዋል። ይበልጥ ሲከብደው ጭራሽ አይነሣም። ዋልካ መሬት ላይ የተያዘ መኪና ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር እንደሚሰምጠው፣ እሱም ተኝቶ ባሰበ ቁጥር ይሰምጣል። «ልቤ ሲፈቅድ እነሣለሁ» ይላል። ችግሩ ልቡ አለመፍቀዱ ራሱ ሕመሙ መሆኑ ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኒል ጃኮብሰንና ባልደረቦቹ በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በድባቴ የታመሙ ሰዎችን ከፋፍለው፣ ለአንዱ ቡድን አስተሳሰብን የሚመረምረውን የንግግር ሕክምና በሙሉ ሰጡ፤ ለሌላው ደግሞ ከዚያ ሕክምና ውስጥ ሰውየውን ወደ ዕለት ተግባሩ የሚመልሰውን ክፍል ብቻ። ሁለቱ ቡድኖች ተቀራራቢ ለውጥ አሳዩ። ከዚህ የምወስደው፣ ሰውየው ገና ሐሳቡ ሳይስተካከል፣ ልቡም ሳይፈቅድ፣ እጁና እግሩ ሊቀድሙ እንደሚችሉ ነው። ፍላጎቱ ከሥራው በኋላ ይመጣል። የሚጀመረው ሥራ ግን ትንሽ መሆን አለበት፤ ለታመመ ሰው «ተነሣና እረስ» ማለት አያድነውም።

እናቶቼ፣ ከዚህ ቀጥሎ የምለውን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ሴት ስትወልድ ምን ታደርጋላችሁ? ውሃ ይሞቅላታል፤ ገላዋን የምታጥባት አለች። ጸጉሯ ቅቤ ይቀባል። ገንፎው በቅቤ ይቀርብላታል፤ «አልፈልግም» ብትልም ማንኪያው አይነሣም። ብቻዋን አትተውም፤ ሌሊትም አብሯት የሚያድር አለ። ከከባድ ሥራ ታርፋለች፤ ማንም ሰነፍ አይላትም። ሕፃኑ ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና ይነሣል። ሙስሊም እናቶቻችንም ለአራሳቸው የሚያደርጉት ከዚህ ብዙ አይርቅም። እንግዲህ በድባቴ ለወደቀ ሰው የሚያስፈልገውን ከዚህ የተሻለ የሚዘረዝር የለም፦ መታጠብ፣ መብላት፣ ማረፍ፣ ብቻ አለመሆን። አራስን እንዲህ መንከባከብ የሚያውቅ ሕዝብ ጎረቤቱ ሲተክዝ ግን «ሰው አይቅረበኝ ብሏል» ብሎ ይተወዋል። አራሷም ብትሆን ክርስትናው ካለፈ በኋላ ጠያቂዋ ይቀንሳል፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ግን በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ በማንኛውም ወር ሊከሰት ይችላል። ልጇን ታቅፋ ዝም የምትል፣ ሕፃኑ ተኝቶ እንኳ እንቅልፍ የሚነሣት እናት ካያችሁ ክርስትናው አልፏል ብላችሁ አትቅሩ።

መታጠቡን በተለየ ላንሣው። ውሃ በጀሪካን ከሩቅ ለሚቀዳበት ቤት «በየቀኑ ታጠብ» ማለት ቀላል አይደለም። አንድ ጣሳ ሙቅ ውሃ፣ ቁራጭ ሳሙና፣ ፊትና እጅ፣ ከተቻለ እግር በቂ ነው። ጠዋት፣ ከማንኛውም ሥራ በፊት ይሁን። የታመመው ሰው አቅም ካነሰው ውሃውን የሚያቀርብለት ይኑር፤ የሚታጠበው ግን ራሱ ቢሆን እመርጣለሁ። ለሴት ደግሞ ሹሩባ አለ። ተሠሪና ሠሪ ተጠጋግተው ሲቀመጡ፣ ፊት ለፊት ስለማይተያዩ፣ የማይወጣው ወሬ ሁሉ ይወጣል።

ምግብ ላይ በግልጽ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። በጾማችን ብዛት የተነሣ ድባቴ ተደብቆ መቆየት ይችላል። እህል ያስጠላው ሰው «ጾም ነኝ» ካለ ማንም አይጠይቀውም፤ ረቡዕና ዓርብ አልፎ ሐሙስም ከጾመ ቤተሰብ ይንቃ። ቤተ ክርስቲያንም ሆነ እስልምና ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው፤ የንስሐ አባቱን ወይም ሼኩን ያነጋግር። የሚበላውም ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። ሽምብራው፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ሲገኝም ዓሣውና እንቁላሉ እዚሁ አለ። ሰዓት መጠበቁና ከሰው ጋር መበላቱ ይበልጣል።

ፀሐይን እንፈራለን። «ምች ይመታል» እየተባለ የታመመ ሰው ጨለማ ጓዳ ውስጥ ተሸፋፍኖ ይውላል። አካላችን የእንቅልፉንና የንቃቱን ሰዓት የሚያስተካክለው በጠዋት ብርሃን ነው፤ በደመናማ የክረምት ቀን እንኳ ደጅ ያለው ብርሃን ከቤት ውስጡ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የቀትሩን ፀሐይ የሚፈራ ነጠላውን ተከናንቦ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ደጃፉ ላይ ይቀመጥ። እንቅልፍን በተመለከተ አጭር ልበል፦ አጎበር ከወባ በተጨማሪ ከሌሊት ሙሉ ንቃት ያድናል። ቡና ከሰው ጋር መጠጣቱ መልካም ነው፤ ግን ግማሹ ኃይሉ ሰውነት ውስጥ አምስት ሰዓት ያህል ስለሚቆይ የማታውን ቡና ወደ ቀን አምጡት። አረቄ እንቅልፍ ያመጣ ይመስላል እንጂ ሌሊቱን ይቆራርጠዋል፤ ጠዋት ድባቴውን አብሶ ይጠብቃል። ጫትም ቢሆን ሲወርድ የሚተወው ድብርት በዚህ መገናኛ ከተማ ለሚያድር ሾፌርና ረዳት አዲስ ወሬ አይደለም።

አሁን ወደ እንቅስቃሴው ልመለስ። በ1999 እ.ኤ.አ. ጀምስ ብሉመንታል የሚባል የአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ዕድሜያቸው 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ 156 የድባቴ ሕሙማንን ለ16 ሳምንት ተከታተለ። አንዱ ቡድን በሳምንት ሦስት ቀን በእግር ተራመደ ወይም ሮጠ፤ ሌላው የድባቴ መድኃኒት ወሰደ፤ ሦስተኛው ሁለቱንም። መድኃኒት የወሰዱት ፈጥነው ተሻላቸው፤ በመጨረሻ ግን ሦስቱም ተቀራረቡ። ልብ በሉ፣ የተራመዱት ሸክም ይዘው፣ ከብት እየነዱ አልነበረም። ስለዚህ የእኔ ምክር፣ ምንም ሳትሸከሙ፣ ምንም ጉዳይ ሳይኖራችሁ፣ ከምትወዱት ሰው ጋር ግማሽ ሰዓት መራመድ ነው። «ሥራ ፈትቶ ይዞራል» የሚል አይጠፋም፤ ይበል። ባለንበት የጸጥታ ሁኔታ ራቅ ብሎ መሄድ የማይችል ሰው ግቢውን ይዙር።

ይህ ሁሉ መድኃኒትን አይተካም። ከአልጋ መነሣት ያቃተው፣ መብላት ያቆመ፣ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሰው ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይወሰድ። ፍሎክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን በአገራችን የሚሰጡ መድኃኒቶች ናቸው፤ ጥቅማቸው ለመታየት ሳምንታት ይፈጃል፣ ሻል ሲልም ያለ ሐኪም ምክር አይቋረጡም። ጠበል የሚጠመቅም መድኃኒቱን ይዞ ይጠመቅ። ሌላው፣ ለሽንኩርቱና ለቲማቲሙ የምትረጩት ኬሚካል አልጋ ሥር አይቀመጥ። ቁልፍ ባለው ሳጥን ይሁን፤ ቤት ውስጥ የተከዘ ሰው ካለ ደግሞ ቁልፉ ጎረቤት ይደር። ስሪ ላንካ እጅግ መርዛማ የሆኑትን የእርሻ ኬሚካሎች ደረጃ በደረጃ አግዳ ብዙ ነፍስ አትርፋለች።

የዕድር ዳኞች፣ የመጨረሻ ጥያቄዬ ለእናንተ ነው። የብዙ ዕድሮች ደንብ ከስብሰባና ከቀብር በቀረ አባል ላይ ቅጣት ይጥላል። ደንቡ ይኑር። ነገር ግን አንድ አባል ተከታትሎ ሁለት ጊዜ ሲቀር፣ የቅጣቱ ገንዘብ ከመጻፉ በፊት ሁለት ሰው ወደ ቤቱ ላኩ፤ አንዱ በዕድሜው የሚቀርበው ይሁን። ደጃፉ ላይ አብረውት ይቀመጡ፤ በልቶ እንደሆነ፣ ተኝቶ እንደሆነ ይጠይቁት፤ አስፈላጊ ከሆነም ጤና ጣቢያ ይሸኙት። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ይህን አጀንዳ ያዙልኝ።