አንድ ሯጭ፣ ሁለት አሠልጣኝ

በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የአገር አቋራጭ ውድድር አንድ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ 7 ሯጮች ያሰልፋል፤ ነጥብ የሚያዝለት ግን ቀድመው በገቡት 5 ነው። የትምህርት ቤት አሠልጣኝና የግል ክለብ የሚጋጩት፣ በእኔ እይታ፣ እዚሁ ላይ ነው። አሠልጣኙን እንቅልፍ የሚነሳው አምስተኛው ሯጭ ነው፤ ወላጅ ለክለብ የሚከፍለው ግን ለራሱ ልጅ ሰዓት፣ ሲሳካም ለዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፕ ነው። የካሊፎርኒያ ደንብ ተማሪው በትምህርት ቤቱ የውድድር ወቅት በዚያው ስፖርት ለውጭ ቡድን እንዳይወዳደር ይከለክላል። ማክሰኞ በትምህርት ቤት፣ ረቡዕ በክለብ ከባድ ልምምድ የሚደረብበትን ልጅ ግን ይህ ክልከላ አያድነውም።

«ያን ሁሉ ልጅ የያዘ አሠልጣኝ ለእኔ ልጅ ጊዜ ከየት ያመጣል?» የሚሉ ወላጆች ከእውነት አልራቁም፤ ብዙዎቹ አሠልጣኞች ቀኑን ሲያስተምሩ የሚውሉ መምህራን ናቸው። ይሁንና ሁለተኛ ዕቅድ መደረብ ትርፉ ድካምና የአጥንት መሰንጠቅ ሊሆን ይችላል። ጊዜ መከፋፈል ግን ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው የናይኪ ብሔራዊ አገር አቋራጭ ውድድር የሚካሄደው የትምህርት ቤቶቹ ወቅት ካለቀ በኋላ ነው፤ ቡድኖቹም የሚሮጡት በክለብ ስም ነው። ስለዚህ በወቅቱ የትምህርት ቤቱ አሠልጣኝ፣ ከዚያ ውጪ ክለቡ ይምራ። ወላጆች፣ የክለቡን የልምምድ ዕቅድ ለትምህርት ቤቱ አሠልጣኝ ዛሬውኑ አሳዩት።